የመሀሉ ምሰሶ

ተረት ተረት ስላችሁ “የልጆቻችን ቤት” በሉኝ።

አውሬዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሊሠሩ ከዝሆን እንጨት ተበደሩና ሥራውን ለብልጧ ጦጣ ሰጡ። እንጨቱ የት እንደሚገባ ለማየት ደግሞ መቸኮል የማታውቀው ዔሊ በፈቃዷ ቀረበች። ቤቱ አለቀ ተብሎ ሁሉም በረንዳውን ሲያደንቅ፣ እሷ እየተሳበች ውስጥ ገባች። መሀል ላይ ለምሰሶ የተቆፈረው ጉድጓድ ባዶውን ነው። ወጥታ ጦጣን ጠራቻት።

“እመት ጦጣ፣ ምሰሶው የት ሄደ?”

“አንቺ ደግሞ፣ ለማይከፈልሽ ሥራ ምን ያደክምሻል? ጣሪያው እንደሆነ ቆሟል” አለች ጦጣ።

ዔሊ ጦጣ ቤት ሄዳ፣ አዲሱን ቆጥ የተሸከመውን ምሰሶ ቀና ብላ ታይ ጀመር። አላፊ አግዳሚውም እየቆመ አብሯት ያያል። ጦጣ አላስቻላትም፤ ነቅላ ተሸክማ መለሰችው።

ክረምት ሲገባ ዶፍ ወረደ፤ ነፋሱ ዛፍ ገነደሰ። ሲያባራ ዔሊ በሩ ጋ ደርሳ አጮለቀች። አንድም ልጅ አልረጠበም። የጦጣ ልጅ ምሰሶውን በሁለት እጇ አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ዔሊ እፎይ ብላ አንገቷን ሰበሰበች።

ተረቴ አበቃ፤ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ አይንሳችሁ።