ጋሽ ይልቃል ለሚስታቸው የሠሩት ጂም

አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ አሉ፤ ደብረ ማርቆስ። የዓለምን ተራራ ሁሉ በቃላቸው ያውቃሉ። ሚስማር ሲመቱ ግን የሚያገኙት አውራ ጣታቸውን ነው። ጋሽ ይልቃል ይባላሉ። እኔ በጣም ነው የምወዳቸው።

ሚስታቸውን እትዬ ታንጉትን ስትሮክ መታቸው። ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ሐኪሙ ምን አለ? "በየቀኑ ይራመዱ። በእነዚህ ጥቂት ወራት ካልተንቀሳቀሱ እግርዎ እንዲሁ ይቀራል" አለ።

እሳቸውስ? ወይ ፍንክች! "እኔ ታንጉት ጎረቤት በአጥር እያየኝ እግሬን ልጎትት? ኧረ ወዲያ!"

የቤቱ ሰውስ ምን አደረገ? ወደዳቸዋ! ውኃ ሲፈልጉ ባል "ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣልሻለሁ።" ልጆች "እማዬ፣ አትድከሚ።" ጠያቂ ሲገባ ሊነሡ ሲሉ "በሞቴ አይነሡ!" እኛ እንዲህ አይደለን? እንዲህ ነን እንጂ! ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እግሩ ባሰበት። ጋሽ ይልቃል ጓሮ እየገቡ ብቻቸውን ያለቅሱ ነበር።

እዚያው ጓሮ ሐሳብ መጣላቸው። ከኮክ ዛፎቹ ሥር፣ ጎረቤት የማያይበት ቦታ፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ደራርበው አንዲት ክፍል ሊሠሩ። የሚደገፉበት ብረት፣ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ የሚመታ ብስክሌት፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፤ የታንጉት ጂም! አናጢ ይቅጠሩ ቢባሉ "በገዛ እጄ ነው የምሠራላት" አሉ። አይ ጋሽ ይልቃል!

አሁን ስሙኝ። እትዬ ታንጉት የአናጢ ልጅ ናቸው። ግንድ አንዱ ጫፉ ይወፍራል፣ ሌላው ይቀጥናል፤ ሲደረደር ጫፉ ይፈራረቃል። ጋሽ ይልቃል ወፍራም ወፍራሙን ሁሉ በአንድ በኩል ደረደሩት። ግድግዳው ወደ አንድ ወገን አዘቀዘቀ። ይህ ሁሉ ከበረንዳው ይታያል።

"አንተ ሰውዬ! ጫፉን አፈራርቀው እንጂ!"

"ምን አልሽ?"

"ወፍራሙን በቀጭኑ ላይ!"

"እሺ!" አሉና ሌላ ወፍራም ጫፍ እዚያው ወፍራሙ ላይ ጫኑ።

እትዬ ታንጉት አልቻሉም። ከዘራቸውን ጨብጠው ተነሡ። አጥሩን ረሱ፣ ጎረቤቱን ረሱ። እግራቸውን እየጎተቱ፣ እያጉረመረሙ፣ ሁለቴ እያረፉ ደረሱ። ጋሽ ይልቃል ሊደግፏቸው ሮጡ። "እኔን ተወኝ! ይህን ግንድ አንሣው!" አሏቸው። አነሡት።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀንም መጡ፤ ሥራው ሌላ ቦታ ተበላሽቶ ነበራ! ጣሪያው ሲመታ መንገድ ላይ አንዴ ብቻ አረፉ። በሩ ሲገጠም ጭራሽ አላረፉም።

በሦስት ወሩ አለቀ። ጋሽ ይልቃል በሩን ከፈቱና "ግቢ ታንጉቴ፤ እዚህ ማንም አያይሽም፣ እንደ ልብሽ ተራመጂ" አሉ።

እትዬ ታንጉት ሳቁ። "አንተ፣ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ ድረስ በምን የመጣሁ መሰለህ?"

ጋሽ ይልቃል የሚስታቸውን እግር አዩ፣ በረንዳውን አዩ፣ ቆመው አለቀሱ።

ኋላ ጠየቅኋቸው። "እውነቱን ይንገሩኝ፣ አውቀው ነው ያበላሹት?"

"ኧረ በስመ አብ! መምህር፣ እኔ እኮ አሳምሬ የሠራሁ መስሎኝ ነበር!"

ወገኖቼ፣ ሐኪም ያላስነሣውን እግር ምን አስነሣው? "ቁጭ በይ" የሚላቸው ሁሉ ይወዳቸው ነበር። ግን ማንም አልፈለጋቸውም። አንድ ሰው ያለ እሳቸው የማይሆንለት ቀን ተነሡ።

እግዚአብሔር ሁሉን ብቻውን መሥራት ሲችል ለእኛ ሥራ የሚሰጠን ለምንድን ነው? ቸግሮት ነው? ወዶን ነው እንጂ!

እስቲ እናንተ ቤት ማን ተቀምጧል? የእናታችሁ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ መድኃኒቷ በሰዓቱ ይቀርባል፤ ሐሳቧን ሰው ከጠየቃት ግን ስንት ጊዜው ነው? አባታችሁንስ ለመጨረሻ ጊዜ ምክር የጠየቃችኋቸው መቼ ነው? በፍቅር ብዛት ከሰው ተራ አውጥተናቸዋል እኮ!

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ "እማዬ፣ ይህ ነገር እኔን አቅቶኛል፤ ነይ አሳዪኝ" በሏት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁ። ትቆያለች፣ ታጉረመርማለች፣ ወንበሩን ትደገፋለች። አትሩጡላት። ተዉአት፣ ትነሣ።