የጥራጊ ልጅ ስም

ስም ማለት አንድ ሰው ከብዙ ሰው መካከል ሲጠራ እሱ ብቻ ቀና እንዲል የሚያደርግ ቃል ነው። ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም ይባላል።

በአንድ ወቅት ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ሦስት ልጆች ወልደው ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። አራተኛዋ ስትወለድ ሞት ንቆ እንዲተዋት ብለው፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ከቤት ጥራጊ ጋር ደጅ አውጥተው አስቀመጧት። መልሰው አነሷትና ስሟን ጥራጊ አሉት። ልጅቷ አደገች፤ አለኸኝ የሚባል አናጢም አገባች። በሃያ ሦስት ዓመቷ ልቧ ታመመ።

ከሩቅ የመጡ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት የልብ ቀዶ ጥገና በሚሠሩበት ሆስፒታል የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። መዝጋቢዋ ፋንታዬ ስሙን ስትጽፍ ኮምፒውተሩ «አዋራጅ ቃል መመዝገብ አይቻልም» አላት። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች በሽተኛ እንዳይሰደብ አስበው ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ስምንት ደቂቃ ቀረ።

«እማማ፣ ሌላ ስም የላትም?»

«ሌላ ስም የነበራቸው ሦስቱ ሞተዋል» አሉ ደብሪቱ።

ፋንታዬ ማንንም ሳታማክር የራሷን ስም ጻፈች። ሲስተሙ ስሙን ስለሚያውቀው አልተከራከረም፤ እንዲያውም ከራሷ ከፋንታዬ የቆየ የሕክምና ካርድ የደም ዓይነቷን አምጥቶ ለጠፈበት። ይህን ማንም አላየም።

በማግሥቱ ነርሷ መታወቂያውን ከዝርዝሩ ጋር ብታስተያየው ስሙ አልገጠመም። ተራው ለሌላ ሊሰጥ ሆነ። አለኸኝ ሁለት ጓደኞቹን ለምስክርነት ይዞ ወደ ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ሮጠና ጥራጊና ፋንታዬ አንድ ሰው መሆናቸውን ምሎ ፈረመ። ጸሐፊው በሐሰት መማል እንደሚያሳስር ሲያነብለት «ገብቶኛል፣ ቶሎ በልልኝ» አለው። ወረቀቱ ደረሰ፤ አልጋው መገፋት ጀመረ።

ደብሪቱ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆመው የልጃቸውን የእጅ ማሰሪያ አስነበቡ። ፋንታዬ ይላል።

«በዚህ ስም አትገባም» ብለው በጥሰው ጣሉት። ዘበኛ ተጠራ፣ አለኸኝ እግራቸው ላይ ወደቀ፤ ንቅንቅ አላሉም። ማሰሪያ የሌለው በሽተኛ ደሙ እንደ አዲስ ይመረመራል የሚል ደንብ አለና ነርሷ እየተነጫነጨች ደም ቀዳች። ውጤቱ መጣ። የተዘጋጀላት ደም የእሷ ዓይነት አልነበረም፤ ቢሰጣት ይገድላት ነበር።

ጥራጊ ዳነች። ፋንታዬ ከሥራዋ ታገደች። አለኸኝ አራት ወር ታስሮ ተፈታ።

በሁለተኛው ዓመት ጥራጊ ሴት ልጅ ወለደችና «ስሟን የሚያወጣው እኔን ያተረፈ ነው» አለች። ፋንታዬ፣ እኔ ባልጽፍ ኖሮ በሩ ድረስም አትደርስም ነበር ትላለች። አለኸኝ፣ የታሰርኩት እኔ ነኝ ይላል። ደብሪቱ «ሁለታችሁም ልትገድሏት ነበር» ይላሉ። የሁለቱም መልስ ይጠብቃቸዋል፦ «ነገሩን ሁሉ ያመጣውስ የማን ስም ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ስም ማውጣቱን ለማን ትሰጣላችሁ?

እስካሁን ስምምነት የለም። ሕፃኗ ሁለተኛ ክትባቷን ወስዳለች። ካርዷ ላይ «ስም ያልወጣላት» ተብሎ ተጽፏል፤ ሲስተሙ ያለ ምንም ችግር ተቀብሎታል።