ጭሱን ብቻ የላከው ጎረቤት

አቶ ልሳነወርቅ የጭስ ቁጥጥር ኃላፊ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ መሬት አልበቃቸው ብሎ ነበር። አዲሱ ደንብ መኖሪያ ቤቱም ፋብሪካውም ጭሱን ይቀንስ ይላል፤ ለፋብሪካ የሰጠው ጊዜ አሥር ዓመት፣ ለመኖሪያ ቤት ደግሞ አሥር ቀን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ኃላፊው የጭስ መለኪያቸውን አንግተው፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው አጥር ሥር የምትኖር አንዲት ንፍሮ ሻጭ ጓዳ ዘው አሉ። መለኪያው ገና ከደጃፉ ይጮህ ጀመር።

“ሰማችሁ?” አሉ፣ ተከትሏቸው ለመጣው የሰፈር ሰው። “አየራችንን የምትበክለው ይቺ ናት! በሉ፣ ጉልቻዋን ነቅላችሁ ጣሉ!”

ሴትዮዋ አልደነገጠችም። “ይነቀል ጌታዬ፤ ብቻ አስቀድመው እጅዎን አመዱ ውስጥ ይክተቱልኝ” አለች።

አቶ ልሳነወርቅ መቃጠሉን ቢፈሩም፣ ሰው ፊት ማፈግፈጉ አሳፈራቸውና በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። አመዱ በረዶ ሆኗል።

“ማገዶ ካለቀብኝ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ በሶ በጥብጬ ነው የምውለው” አለች፤ በመስኮቷም ወደ ፋብሪካው እያመለከተች፣ “መለኪያዎን ያስጮኸው የዚያ የጎረቤቴ ጭስ ነው። ደግ ጎረቤት እሳት ለጠፋበት ፍም ያስጭራል፤ ይሄኛው ግን ጭሱን ብቻ ነው የሚልክልኝ። እባክዎ፣ አሥሩ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እሳቱንም ጨምሮ እንዲልክልኝ ይንገሩልኝ፤ እሳቱ የመጣልኝ ዕለት ጉልቻዬን እኔው በገዛ እጄ ነቅዬ እጥለዋለሁ።”