ጭብጨባና ቆርቆሮ

አንድ ጣሪያው የሚያፈስ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። ለጣሪያው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ዝግጅት በተደረገ ቁጥር አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ባለጸጋ ድምፅ ማጉያ ጨብጠው «ቆርቆሮውን ለኔ ተዉት» ይላሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ የውሃ ሽታ ሆነው ይቀራሉ።

ዘንድሮም ያንኑ ቢደግሙት፣ ክረምቱን ሙሉ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ ስትደቅን የከረመች አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሌላው ሲያጨበጭብ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ነገሩ አቶ ልሳነወርቅን ከነከናቸውና ሕዝብ ፊት ሊያዋርዷት፣ «አንቺ፣ ማጨብጨብ እንኳ ከበደሽ? ለመሆኑ ለዚህ ቤት ምን ሰጥተሻል?» አሏት።

«ጌታዬ፣ አምና መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤልዎታለሁ» አለች ከወንበሯ ሳትነሳ። «ጭብጨባዬ ወዲያው ደርሶዎታል፤ ቆርቆሮዎ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ዘንድሮ እርስዎ ይቅደሙ።»