የአያ ጥልፉ አጭር ትንፋሽ

ተረት ተረት! ዝም አትበሉ፤ «ቀጥዪ» ካላላችሁኝ አልቀጥልም። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

ድሮ ድሮ፣ ኮምፒውተር ሆዱ እንደ ገንቦ በነበረበት ዘመን የተወለደ አንድ ሽማግሌ ፕሮግራም ነበር። ስሙ አያ ጥልፉ ይባላል። የእትዬ ጥሩአየርን የጥልፍ ማሽን ቋንቋ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ሂጂ» ሲላት መርፌዋ ትሄዳለች፤ «ተመለሺ» ሲላት ትመለሳለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ስም ሲጠራ ትንፋሹ ከስምንት ፊደል አያልፍም።

የቀድሞው ኮምፒውተር አርጅቶ ሲሞት፣ አያ ጥልፉ ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። የቤቱ አዛዥ ጌታው ሲስተም ነው። ለጌታው ሲስተም ስም ቢረዝም ግድ የለውም።

እትዬ ጥሩአየር ደግሞ ይሉኝታ የሚገድላቸው ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የደንበኞቻቸውን ጥልፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ማዕረግ «ደብሪቱ»፣ «አልጋነሽ» ብለው ሲያስቀምጡ ሲያፍሩ ኖረዋል። አሁን ቦታ ሲያገኙ ጊዜ አላጠፉም፤ ቁጭ ብለው ሁሉንም እንደ ክብራቸው ጻፉ። አንዱ «የተከበሩ ወይዘሮ ደብሪቱ የልጃቸው የሰርግ ቀሚስ» ሆነ። ሌላው «የተከበሩ ወይዘሮ ዮዲት የክርስትና ልብስ»፣ ሦስተኛው «የተከበሩ ወይዘሮ አልጋነሽ የበዓል ነጠላ» ሆነ።

የሰርጉ ሳምንት ደረሰ። እትዬ ቀሚሱን ማሽኗ ላይ ወጥረው የሙሽራዋን ጥልፍ አዘዙ። አያ ጥልፉ ደረቱን ነፍቶ ተጣራ።

«የተከበሩ ወይዘ…»

ትንፋሹ አለቀ። ሦስቱም ጥልፎች «አቤት!» ብለው እየተጋፉ መጡ።

«ማናችንን ነው?» አሉት።

«እኔ እንጃ» አለ አያ ጥልፉ። ማሽኗም ቀጥ ብላ ቆመች።

የእትዬ የእህት ልጅ ህሊና ብቅ አለች። «እትዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ጃጅቷል። ላጥፋውና አዲስ ልጫንልዎት።»

«ማሽኗስ አዲሱን ትሰማዋለች?»

«እሷንም እንለውጣታለን።»

«ኧረ ሰርጉ እሁድ ነው ልጄ! እስቲ እስከ ማታ ታገሺው» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ግን ተስፋ የቆረጠ ነበር።

አያ ጥልፉ ይህን ሰምቶ አለቀሰ። ለራሱ አይደለም። «ያቺን ማሽን ያለ እኔ ማን ያናግራታል? ዲዳ ሆና መቅረቷ ነው» ብሎ ነው።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሙቀት ፈልጋ የምትኖር እመት እንሽላሊት ነበረች። ልቅሶውን አልቻለችውም። ተነሥታ ወደ ጌታው ሲስተም ሄደች።

«ጌታው፣ እባክዎ ስሞቹን ያሳጥሩለት።»

«ወይ ጉድ! እትዬ በክብር የጻፉትን እኔ ልቁረጥ? ደግሞስ ብቆርጠው ሦስቱም አንድ ስም ይሆናሉ፤ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። አይሆንም!»

ወደ አያ ጥልፉ ሄደች። «አያ ጥልፉ፣ አየር በደንብ ሳብና ረጅሙን ተለማመድ።»

«የተከበሩ ወይዘ… የተከበሩ ወይዘ… እህ እህ!» ሳል ያዘው። «እመት፣ እኔ እንዲህ ሆኜ ነው የተሠራሁት። አትጨቅጭቂኝ።»

በመጨረሻ ወደ ጥልፎቹ ሄደች። «ልጆች፣ እናት ልጇን ለምሳ ስትጠራ ሙሉ ስም ከነአያት ትጠራለች?»

ጥልፎቹ ሳቁ። «ኧረ አትጠራም!»

«እንግዲያው የቤት ስም ላውጣላችሁ። በአደባባይ የተከበሩ ወይዘሮ ናችሁ፤ ማንም አይነካባችሁም። አያ ጥልፉ ሲጠራችሁ ግን ደብሬ፣ ዮዲ፣ አልጌ ናችሁ።»

ከዚያ በሽማግሌውና በጥልፎቹ መካከል፣ ደፉ ላይ ጥሪውን ልታቀብል ቁጭ አለች።

«ደብሬ!» አለ አያ ጥልፉ።

«አቤት!» አለች አንዷ ብቻ። ማሽኗም ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብላ ተነሣች። እትዬ እልል አሉ።

ቆዩ፣ አላለቀም። አያ ጥልፉ ከጥልፉ አንዷን አበባ አቃናና በድሮ ልማዱ አሮጌውን ጥልፍ ጥሎ የተቃናውን አዲሱን በቦታው አስቀመጠ። የአዲሱ ስም? «ደብሬ» ብቻ!

ጌታው ሲስተም ጮኸ። «የተከበሩት ወይዘሮ የት ሄዱ? እትዬ ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ ነው?»

እመት እንሽላሊት «እም፣ እም» አለች። ለካ አሮጌው ሲጣል ረጅሙን ስም በአፏ ቀልባ ይዛው ኖሯል! ሮጣ አዲሱ ጥልፍ ላይ አኖረችው፤ አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

እትዬ ሲመለከቱ ስሙ ከነክብሩ ተቀምጧል፣ ቀሚሱም አልቋል። ወደ ህሊና ዞረው «ይኸው! ላጥፋው ስትይ የነበረው እሱን ነው» አሏት። ህሊናም ስቃ የኮምፒውተሩን አቧራ ጠረገችለት።

ሁሉም ሲረጋጋ ጌታው ሲስተም ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት… እኔስ የቤት ስም የለኝም?»

አያ ጥልፉ ቀደማት። «ና ሲስዬ፣ አጠገቤ ተቀመጥ!»

ጌታው ሲስተም አፈረ። ቢያፍርም «አቤት» ብሎ መጣ።

እንግዲህ ልጆች፣ ሽማግሌ ትንፋሽ አጠረው ብላችሁ ከቤት አታስወጡት። ባለው ትንፋሽ የሚጠራችሁን ስም ስጡት፤ ክብራችሁ ላይ አንዲት ፊደል አይጎድልም። የእኔ ተረት እዚህ አረፈ፤ ያልሰማ እንግዳ ሲመጣ እናንተ ንገሩት።