ሸማኔውና የስክሪኑ ቀለም

አንድ የጥለት ንድፍ የሚያወጣ ሰው ነበረ። ደርበው፣ «ታናሽ ወንድሜ ተለወጠብኝ፤ ከቤት ላስወጣው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ። እስክጨርስ ግን አታቋርጠኝ፤ ማቋረጥ ትወዳለህ።

ሰውዬው ንድፉን የሚያወጣው በኮምፒውተር ነበር። ባለሰርጎች የወደዱትን ቀሚስ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ የጥለቱን ፎቶ አንስቶ ቀሚሱን ይመልሳል። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ንድፉን ሲያወጣ፣ አብሮት ሲሠራ የኖረ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደግሞ ክሩን መርጦ ይሸምናል። የሁለቱም እንጀራ የተያያዘ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ ሰውዬው ብርሃኑ ሲወጋው በስክሪኑ ጠርዝ ያሉትን ቁልፎች እየነካ ሰማያዊውን ትንሽ ይቀንሳል፣ ቀዩን ትንሽ ይጨምራል። ሌላ ቀን ደግሞ እንደዚያው ያደርጋል። ዓይን የማይለምደው ነገር የለም። ለመደው፤ መነካካቱንም ረሳው።

አንዲት እናት ለልጇ ሰርግ ብላ የራሷን የሙሽርነት ቀሚስ አመጣች። ልጄ የምትዳረው ይህንኑ ጥለት ለብሳ ነው አለች። ቤቱ በደንበኛ ተጨናንቆ ስለነበር ሰውዬው ፎቶውን አንስቶ ቶሎ ሸኛት። ሸማኔው ግን እሷ ከመውጣቷ በፊት ቀሚሱን በእጁ ዳብሶ፣ በረንዳ ላይ አውጥቶ ካየ በኋላ ነበር የሄደው። ሠርቶ ሲያመጣ ሰውዬው ጨርቁን ከስክሪኑ አጠገብ ቢይዘው አልገጠመም። ጨርቁ ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ጥለት ወደ አመድማ ያደላል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ቀለም ነው» አለ ሰውዬው።

ሸማኔው ስክሪኑን አየ፤ ጨርቁንም አየ። «እኔ ያየሁት ይሄንን ነበር» አለ።

«ማሽን አይሳሳትም ጋሼ። ዓይንዎን ቢታዩ ይሻላል።»

ሽማግሌው ቢከራከር ኖሮ ነገሩ ያን ጊዜ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አመነው። ጨርቁን አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ክር ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁን «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሰውዬው ደግሞ ያዘነለት መስሎት ላገኘው ሁሉ «ምስኪን፣ ዓይኑ ደከመ» ይላል። ለሽማግሌው ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። የሽመና ዕቃውን ነቅሎ ወደ አገሩ ሊገባ ነው የሚል ወሬም ተሰማ። ጥለቱ ለሌላ ሸማኔ ተሰጠ፤ ያም እንደታዘዘው በአመድማ ክር ሠራው።

ሰርጉ ሲቃረብ እናትየዋ ለማስተያየት ቀሚሷን ይዛ መጣች። አዲሱን ጥለት ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ልብስ ሰፊው እየጠበቀኝ ነው እኮ። ልጄን ለቅሶ ልልካት ነው እንዴ?»

ሰውዬው ስክሪኑን እያሳየ ሊያስረዳ ሲሞክር እሷ መደርደሪያው ላይ የተጣለውን የሽማግሌውን ሥራ አየች፤ ስባ አውጥታ ቀሚሷ ላይ ዘረጋችው። ሁለቱን መለየት አይቻልም ነበር።

«ደህናውን ደብቀህ ልታበሳጨኝ ነው?» አለችና ቁጭ ብላ ተነፈሰች።

ሰውዬው ግን ቀሚሷን ለመናትና ከስክሪኑ አጠገብ ያዘው። ቀሚሱ ከገዛ ፎቶው ጋር አይገጥምም። ያን ጊዜ ነው ዓይኑ ወደ ቁልፎቹ የሄደው። ቁልፉን ነካ ነካ ሲያደርግ ስክሪኑ ላይ «ቀለሙን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ልመልሰው ወይ?» የሚል ጥያቄ መጣ።

ጣቱ እዚያው ቆመ። ከተጫነው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ሽማግሌው ደጃፍ መሄድ አለበት። ካልተጫነው እናትየዋ ጨርቋን ይዛ ትሄዳለች፤ ሽማግሌውም አገሩ ይገባል፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። ፈራ። ቢሆንም ተጫነው።

ነጩ ነጭ ሆኖ ሲመጣ ዓይኑን ወጋው፤ ስክሪኑ የባሰ የተበላሸ መሰለው። ቀስ እያለ ሲለምደው ፎቶውን አየ። ቀሚሱ ላይ ያለው ውሃ ሰማያዊ ራሱ ነበር።

እየሮጠ ሄደ። ሽማግሌው የሽመና ዕቃውን ግማሹን ነቅሎ አስሮታል። ሰውዬው በር ላይ እንደቆመ ሁሉንም ተናዘዘ፤ «ዓይንዎ ደህና ነው፤ የታመመው የኔ ስክሪን ነው፤ የነካካሁትም እኔው ነኝ» አለው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ከከረጢቱ ሁለት ክር አውጥቶ ዘረጋለት።

«እነዚህ አንድ ናቸው?»

«አይደሉም ጋሼ። አንደኛው ደመቅ ይላል።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ግን እርግጠኛ መሆን አቃተኝ።»

አየህ ደርበው፣ ስክሪኑ በአንድ ንክኪ ተመለሰ። የሽማግሌውን ዓይን ግን ምን ተጭነህ ትመልስለታለህ? አንተም አባታችሁ ከሞቱ ወዲህ ዛሬ አንድ ቅያሜ፣ ነገ አንድ ጥርጣሬ እየጨመርክ ዓይንህን ስትነካካ ከረምህ። ወንድምህ ሲስቅ አላገጠብኝ ትላለህ፤ ዝም ሲል ናቀኝ ትላለህ። መጀመሪያ ራስህን ወደ ነበርክበት መልስ፤ ያንገሸግሽሃል፣ ግን መልስ። ከዚያ ወንድምህን እየው። ያኔም ተለውጦ ካገኘኸው ና፤ እኔው ራሴ ዕቃውን ተሸክሜ አስወጣልሃለሁ። ብቻ አትዘግይ። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር። «ወንድሜ እንደሚለው እኔ ክፉ ሰው ሳልሆን አልቀርም» ብሎኛል።