አንጓችን ማንም አልወሰዳትም

ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ እርሻ ገና ጥቅጥቅ ያለ ደን በነበረበት፣ የአያቶቻችን አያቶችም ገና ባልተወለዱበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት በዚህ መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል። ስንደዶ ከደን ዳር እየለቀመች፣ ለሰፌድ ሰፊዎች እየሸጠች ከአንድ ልጇ ጋር ትኖራለች። ድኻ ነበረች። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

በዚያ ዘመን ትጓደድ የምትባል ወጣት እናት ጨቅላዋ ሞተባት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። እህል አትቀምስ፣ ቃል አትተነፍስ። ጠበል ወሰዷት፤ ያው ናት። አንድ ማለዳ አንጓች መጣች።

«ስንደዶ ልለቅም ነው፤ ብቻዬን ከበደኝ። ተነሽ እስቲ እህቴ፣ አብረን እንውጣ» አለቻት።

እጇን ይዛ ወሰደቻት። ደኑ ውስጥ ካለ ምንጭ ዳር አስቀመጠቻትና ስንደዶዋን ትለቅም ጀመር። አላጽናናቻትም፤ አልመከረቻትም። በማግስቱም ወሰደቻት። በሌላውም ቀን ወሰደቻት። አንድ ጧት ካፊያ ጣለ፤ አፈሩ ሸተተ። ትጓደድ «ልጄን!» ብላ ጮኸች። አለቀሰች፣ አለቀሰች። ቤቷ ስትገባ «ራበኝ» አለች።

ከዚያ ደግሞ ቢሻው የሚባል ሰው ከጦርነት ተመለሰ። ቤት ውስጥ ሲሆን ይጮኻል፤ ያገኘውን ይማታል። ዘመዶቹ ከምሰሶ ጋር አሰሩት።

«ፍቱት» አለች አንጓች።

«ቢገድልሽስ፣ እትዬ?»

«ቤቱ ነው የጠበበው። ፍቱት።»

ወደ ደኑ ይዛው ወጣች። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። «ጉሬዛ ነው» ትለዋለች። «ግንደ ቆርቁር ነው» ትለዋለች። ሲውል ሲያድር እሱው ራሱ «ጉሬዛ ነው» ማለት ጀመረ። ከኮሶ ዛፍ ሥር ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው። ጨርሶ ዳነ አልላችሁም፤ ግን ሞፈሩን ጨበጠ። ሲብስበት ወደ ደኑ ይሄዳል፣ ረጋ ብሎ ይመለሳል።

ኋላ ወረርሽኝ ገባ። የአንጓችን ልጅ፣ ውባለምን ወሰደ። ለቅሶ ደረስናት፤ ቤቷን ሞላነው፤ እህል አቀረብንላት። እንግዲህ እኛ ስል የጥንት አባቶቻችንን ማለቴ ነው። አጨዳ ደረሰና ሁሉም ወደ ማሳው ሄደ። አንጓች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች።

ትጓደድ በደጇ ስታልፍ «ነገ እገባለሁ» አለች። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ለቢሻው ሲነግሩት «እሷ እኮ መንገዱን ከኛ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ ሲሻላት ትወጣለች» አለ። ሁሉም እንደዚያ አለ።

እህሉ ከገባ በኋላ ሄዱ። በሩን ቢገፉት አንጓች በድን ሆናለች።

ቢሻው መቃብሯን ብቻውን ቆፈረ፤ አካፋውን ለማንም አልሰጠም። ትጓደድ ከመቃብሩ አፋፍ ቆማ እንዲህ አለች፦

«እኔስ መንገዱን አጥቼው ነበር እንዴ? ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው መንገድ ነው። ያጣሁት እጄን የሚይዘኝ ሰው ነበር።»

 

ስለዚህ በእኛ አገር ሐዘንተኛን ቤት ውስጥ ብቻ አናጽናናም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ጎረቤት ይመጣል። በጭንቀት ፊቱን ላዞረም ሰው እንዲሁ ነው። እጁን ይዘን ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር እናወጣዋለን። «ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን የምንመልሰው አንድ ነው፦

«አንጓችን ወዳልወሰድንበት።»